ያልተካፈልነው

በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከዋንዛው ጥግ ታዛ፣
ቅጽ ዘርግታ ቆየችኝ፣ ጥጥና መርፌ ይዛ፤
አትጠገብ ነው ስሟ (ስም ነው እንግዲህ፣ ለስኳር ጥናት!)
«ስንት ዓመትዎ ነው፣ አባቴ?» «ሰባ ሦስት፤ ከፋሲካ ወዲያ ሰባ አራት።»
«ከወላጅ ከዘመድ፣ ስኳር የነበረበት ሰው?»
ሳቄ መጣ። ዘር ቁጠር ይባላል እንዴ፣ ለእኔ ለእንየው?

ገና ጺሜ ሳይወጣ፣ አባቴን ተከትዬ፣
የደንቢያን ጭቃ ሳቋርጥ፣ ስንቁን አንጠልጥዬ፣
ዳኛ ፊት ቆመን ሲቆጥር፣
እገሌ እገሌን ወለደ፣ እስከ አቅኚው፣ ክር በክር፣
እኔ ነበርኩ ከኋላው፣ የዘለለውን የማስታውስ፤
አንዲት ቅድመ አያት ብትረሳ፣ ርስት ነበር የሚፈርስ።
ያ ሁሉ ስም ሲጠራ፣ መሬቱ በገመድ ሲለካ፣
ማን በምን እንደሞተ፣ ማንም አላነሳም ለካ።

«ውሃ ውሃ ሲል ሞተ» ነበር የአያቴ ነገር፤
«መጋኛ መትቷት ነው» የአክስቴ፣ የእግሯ ጣት ሲጠቁር፤
እናቴን «ምች ነው» አልናት፣ ዐይኗ ሲጠፋ ቀስ በቀስ።
አትጠገብ ቀና ሳትል ጻፈች፣ ብዕሯ ሲመላለስ።

ክንዴን በጎማ አሰረች፣ ደሜን በብልቃጥ ቀዳች፤
«ይህም ዘር ቆጠራ ነው፣ አባቴ» ብላ ፈገግ አለች፤
«ደምዎ ፊደል አለው፣ ረጅም፣ ከዳዊት የሚበልጥ፣
አልፎ አልፎ አንዲት ሆሄ አለች፣ መልኳን የምትለውጥ፤
እሷን ነው የምንፈልግ። ምልክት ናት እንጂ፣ ፍርድ አይደለች።»

ክረምቱ አለፈ። አንገረብ ሞልቶ ጎደለ።
ወረቀቱ መጣ፤ ምልክቱ ደሜ ውስጥ አለ።
አንድም አይደል፣ ብዙ ነው፣ ጥቃቅን ምስክር፣
አንዱ ብቻውን ቢቆም፣ ችሎት የማይሰማው ነገር፤
ሲሰለፉ ግን ይከብዳሉ።
«ስኳርዎ ድንበር ላይ ቆሟል፤ ገና አልገፋም» አለች፣
«ይራመዱ፣ ጠላውን ይቀንሱ፤ ዕድሜም በበኩሏ ትገፋለች።
ይህ ፍርድ ቢሆን እንኳ፣ ይግባኝ አለው።
ወንድም እህት ካለዎት ይንገሯቸው፣ ይመርመሩ፤
እንዲህ ያለ ውርስ ሲመጣ፣ ለአንድ ሰው ብቻ አይደል ነገሩ።»

ወንድም።
ጓንጉል። አዘዞ።

አሥራ አንድ ዓመት ተካሰስን፣ በእናታችን ቤት ጉዳይ፣
ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ ዝገት የበላው ከላይ፤
እሱ አጥር ሲያስገባ፣ እኔ ችካሉን ስነቅል፣
ጠበቃው ሲወፍር፣ ዝምድናችን ሲቀል፣
በመዝገብ ቁጥር ሆነ፣ ሰላምታ እንኳ የምንላላክ።
ልጁን ሲድር አልጠራኝ። ሚስቴ ስትሞት አልመጣም።

ሁሉን ስንካፈል፣ ቁምሳጥኑን፣ የአባቴን ካባ፣
አንድ ያልተካፈልነው፣ ሳያንኳኳ ቤት ገባ፤
መዝገብ ያልተከፈተለት፣ ማኅተም ያላረፈበት፣
ምስክር ሳይቆጠር፣ በመወለድ የጸና ርስት።
እሱ ላይ ላይኖርም ይችላል፣ ብላኛለች፤ እንደ ዕጣ ነው፣ ይስታል።

ቅዳሜ ከፒያሳ ወረድኩ። ባጃጁን ግማሽ መንገድ ላይ ለቅቄ፣ በእግሬ።
«ሐኪም ያዘዘኝ እርምጃ ነው» አልኩት ለጠየቀኝ፤
እውነቱ ግን ያ በር ነው፣ ቶሎ መድረስ ያስጨነቀኝ።

ጓንጉል ከፈተ። አርጅቷል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቷል።
በእጁ የፕላስቲክ ጆግ ይዞ፣ ቆሞ ውሃ ይጠጣል፤
አየኝ፤ አላቆመም። ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ አየሁ፣
ስለ አያቴ የሚወራውን፣ አሁን በዐይኔ እንዳየሁ።

«ደግሞ ምን ክስ አመጣህ?»
ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ፣ አራት ቦታ የታጠፈ።
መነጽር አልያዘም፤ በቁሙ ገልብጦ ያዘው።
«የውርስ ነው» አልኩት።
«ቤቱ አለቀ'ኮ!»
«የቤቱ አይደለም።»

ጆጉን ደፉ ላይ አስቀመጠ። አፉን በእጅጌው ጠረገ።
አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱን አየ።
«ግባ» አለ፤ «ውሻው ታስሯል።»